«ተለዋዋጭ» ተቀባይ ወይስ «ተለማጭ»?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን አጭር መግለጫ በአማርኛ ስጽፍ «የቲ ሴል ተቀባይ ተለዋዋጭ ስለሆነ ከተለያዩ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ጋር ይጣበቃል» አልኩ። አማካሪዬ «ተለዋዋጭ» የሚለውን በቀይ አሰመሩበት። ምን ልበል?

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው።

«ተለዋዋጭ» ጥሩ ቃል ነው። የአየሩ ሁኔታ፣ የገበያው ዋጋ፣ የሰው ጠባይ ተለዋዋጭ ነው እንላለን። ችግሩ፣ በእርስዎ ሙያ ውስጥ ቃሉ ቀድሞ ሥራ መያዙ ነው። ቲ ሴል ከሰውነት የመከላከያ ሴሎች አንዱ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ሴሉ ባዕድ ነገርን የሚለይበት፣ ላዩ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ይህ ተቀባይ ከአንዱ ቲ ሴል ወደ ሌላው የሚለያይ ክፍል አለው። ልዩነቱ የሚመጣው ሴሉ ገና ሲያድግ የዘረመል ቁርጥራጮች በየፊናቸው ሲገጣጠሙ ነው። ባዕድ ነገርን የሚይዘው ሌላው የመከላከያ ፕሮቲን፣ ፀረ እንግዳ አካልም እንዲሁ ነው፤ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሱሱሙ ቶኔጋዋ በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኖቤል የተሸለመው ይህንን በማሳየቱ ነው። «ተለዋዋጭ ክፍል» የምንለው ያንን ነው። እርስዎ ግን ማለት የፈለጉት ያው አንዱ ተቀባይ ቅርጹን እንደሚያንቀሳቅስ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠሩ አንባቢዎ መንገድ ይስታል።

«ተጣጣፊ»ስ? ተጣጣፊ አልጋን ያስቡ። የሚታጠፈው መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ነው፤ ብረቱ ራሱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቃሉን ለፀረ እንግዳ አካል ክንዶች ያቆዩት። እነሱ እንደ በር ማጠፊያ ባለ ቦታ ላይ ነው የሚዘረጉትና የሚሰበሰቡት።

የቲ ሴል ተቀባይ ግን ከሁለት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ ስድስት ቀለበቶች፣ ማለትም ዞር ብለው የሚመለሱ የሰንሰለቱ ክፍሎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ሰንሰለት ሦስት ሦስት። የፕሮቲኑን ቁርጥራጭ በዋናነት የሚነኩት መካከል ላይ ያሉት ሁለቱ፣ ማለትም የየሰንሰለቱ ሦስተኛ ቀለበቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ የሚንቀሳቀሱትም እነሱ ናቸው። አልጋው አይመስሉም፤ ልምጭ ነው የሚመስሉት። ልምጭ ሲጫኑት ለመጥ ይላል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «ተለማጭ» ነው። መለመጥ፣ ተለማጭ፣ ተለማጭነት። ግሱም ስሙም ከአንድ ቤት ይወጣሉ፤ አንድ የሙያ ቃል ሲመረጥ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ምስሉም ሐሳቡን ይሸከማል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር በ1894 (እ.ኤ.አ.) ኢንዛይም የሚሠራበትን ነገር እንዴት እንደሚይዝ ለማስረዳት የቁልፍና የመቆለፊያ ምሳሌ አመጣ፤ ሁለቱም ደረቅ ናቸው። እጅዎ ድንጋይ ሲያነሳ ግን ጣቶችዎ እንደ ድንጋዩ ቅርጽ ይሰበሰባሉ። ተለማጩ ቀለበትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። በዚህም አንድ ተቀባይ የተለያዩ ቁርጥራጮችን ማስተናገድ ይችላል። በነጻ አይደለም፤ ሲይዝ እንቅስቃሴውን መግታት አለበት፣ ያ ደግሞ ጉልበት ያስከፍለዋል። አያያዙ ላላ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

አማካሪዎ ባያሰምሩበትም እኔ «ይጣበቃል»ንም አሰምርበታለሁ። የሚጣበቅ ሙጫ ነው። ይህ ተቀባይ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይዞ ይለቃል። «ይያያዛል» ይበሉ፤ የተያያዘ ነገር መላቀቅም ይችላል።

ዓረፍተ ነገሩን እኔ ብጽፈው፦ «የቲ ሴል ተቀባይ ቀለበቶች ተለማጭ ስለሆኑ፣ አንዱ ተቀባይ ከተለያዩ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ጋር ሊያያዝ ይችላል።»