ውጣ ከተባልክ ወረቀቱን አሳየኝ፦ የአዳማ ተከራይና አከራይ ግሩፕ ጥያቄና መልስ

ጋሼ፦ እንደምን አመሻችሁ። ጸጉሬ የሸበተው የኪራይ ክስና መልስ ስጽፍ ነው። ዛሬ የምመልሰው ስለ ቤት ማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይቺን ያዙ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። እኛ ክልል ውስጥ ነን፤ ስለዚህ አዋጁ እኛ ከተማ ላይ ይሠራ እንደሆነና የውል ምዝገባውን ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። አዋጁ የማይመለከተው ቤት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል። አከራዮች ደግሞ፦ በር አትቆልፉ፣ መብራት አትቁረጡ።

ተከራይ፣ ፍራንኮ ሰፈር፦ ጋሼ፣ ውላችን ካለቀ ዓመት አልፎታል። ኪራይ ግን በየወሩ ይቀበሉኛል። ትናንት እትዬ ጠርተውኝ «በአሥር ቀን ልቀቂ» አሉኝ። በቃል ነው። ልውጣ?

ጋሼ፦ ተረጋጊ። ውል ካለቀ በኋላ አከራዩ እያወቀ፣ ሳይቃወም ኪራይ ከተቀበለ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ስለዚህ አንቺ ዛሬም ተከራይ ነሽ። እትዬም ቤታቸውን መልሰው የመውሰድ መብት አላቸው። መንገዱ ግን ቡና ላይ ጠርቶ መንገር አይደለም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን። የተሰጠበት ቀን፣ የሚለቀቅበት ቀንና ምክንያቱ ይጻፍበት። በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ላይ ተቀባዩ ይፈርማል። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ፊት ይሰጠዋል፣ እነሱም ይፈርማሉ። የኛ ሰው ቀን መጻፍ አይወድም! አንድ አከራይ «በቅርብ ጊዜ እንድትለቅ» ብሎ ጽፎ መጣልኝ። ቅርብ ማለት ለእሱ መስከረም ነው፣ ለተከራዩ ፋሲካ። በዚች ቃል ብቻ ወራት ተከራከሩ። አንቺ ኪራይሽን በባንክ ክፈይ፣ ምክንያቱ ላይ «የዚህ ወር ኪራይ» ብለሽ ጻፊ። አልወጣም ያለን ሰው የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው፣ የእትዬ ልጆች አይደሉም።

ባለ ሰርቪስ ቤት፦ ሁሌ ለተከራይ! እኔ ጡረተኛ ነኝ። የምኖረው በሦስት ክፍል ኪራይ ነው። ሦስት ወር ያልከፈለኝ ሰው ግቢዬ ውስጥ ሥጋ ይጠብሳል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ እማማ፣ እርስዎም እኮ በየስድስት ወሩ ነው የሚጨምሩት።

ባለ ሰርቪስ ቤት፦ ዘይቱስ? ጤፉስ? እሱ አልጨመረም?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ጥፋቱ የደላላ ነው። «ሌላ ሰው እጥፍ ይከፍላል» እያለ ያሳብዳቸዋል። ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሒሳቡ ግን...

ጋሼ፦ የውሃውን ለሌላ ቀን። እትዬ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ኪራይ አለመክፈል ውል ያስፈርሳል፣ ማንም አይከለክልዎትም። ግን ሥጋውን እያዩ ሦስት ወር ዝም አይበሉ። በመጀመሪያው ወር ይጻፉ። በሩን ግን እንዳይቆልፉ! ጭማሪን በተመለከተ፣ አዋጁ ባለበት ከተማ አከራይ እንደፈለገ አይጨምርም። ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ የሚያወጣው ጣሪያ አለ።

ባለ ሱቅ፣ ፖስታ ቤት ሰፈር፦ የኔ ሱቅ ነው። አዋጁ ያድነኛል?

ጋሼ፦ አያድንህም፣ የመኖሪያ ቤት አዋጅ ነው። የአንተ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2952ን ተመልከት። ኪራይ ካዘገየህ አከራዩ ማስጠንቀቂያ ይሰጥሃል። ውልህ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን አለህ። በዚያ ውስጥ ክፈል።

አዲስ ገቢ፦ ማስጠንቀቂያ ስንት ቀን ነው?

ጋሼ፦ የምኑ? መኖሪያ ነው ሱቅ? ውል አለህ? አልከፈልክም ወይስ ቤቱ ተሸጠ? ይህን ሳትነግረኝ ቀን ልጥራልህ?

አዲስ ገቢ፦ ቤቱ ተሸጦ ነው። መኖሪያ ነው፣ ውሉም ወረዳ ተመዝግቧል።

ጋሼ፦ እንዲህ በላ! በአዋጁ ቤቱ ለሌላ ሰው ቢተላለፍም የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ አለህ። አዲሱ ባለቤት «እኔ ከአንተ ጋር አልተዋዋልኩም» ቢልህ አትደንግጥ።

ተከራይ፣ ዳቤ ሰፈር፦ እኔስ ራሴ መልቀቅ ብፈልግ? ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ ብለውኛል።

ጋሼ፦ በአዋጁ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ ራሱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ በጽሑፍ ይሆንና በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል።

ባለ ኮንዶሚኒየም፦ የኪራይ ግብሩስ ጋሼ?

ጋሼ፦ ገቢዎች ሂድ።

ሌላ አባል፦ ማስጠንቀቂያ ስንት ቀን ነው?

ጋሼ፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ባጃጅ ነጂ፦ ጋሼ፣ አሁን ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ዕቃዬ ውስጥ ነው። አከራዩ ስልክ አያነሳም።

ጋሼ፦ ይኸው! ስንቴ አልኩ? አንተ ግን ቁልፉን እንዳትሰብር። መጀመሪያ ፎቶ አንሳው። ሁለት ጎረቤት ጥራና ያሳዩልህ። ከዚያ በባጃጅህ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና አስመዝግብ። ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ጻፍ፣ ፍራሹንም ማንኪያውንም። ጠዋት እኔ ጋ ና፣ ማመልከቻውን እንጽፋለን። የኪራይ ደረሰኝ አለህ?

ባጃጅ ነጂ፦ በእጅ ነበር የምሰጣቸው።

ጋሼ፦ ያውም በእጅ! እሺ፣ ሲቀበሉህ ያየ ሰው ካለ ይዘኸው ና።