በስዊድኗ ጎትላንድ ደሴት ለአራት ቀን

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ስቶክሆልም የምትኖረው ታናሽ እህቴ በመጪው ክረምት እንድጠይቃት ጋብዛኛለች፤ በእርሷ መኪና ጎትላንድ ወደሚባለው ደሴት ተሻግረን አራት ቀን ለመቆየትም አስበናል። እርሷ በአንድ ቀን ዞረን እንጨርሰዋለን ትላለች፤ እኔ ግን ዳግመኛ የማላገኘው ዕድል በችኮላ እንዳያልፈኝ እሰጋለሁ። የትኛው ወር ይሻላል? ቀኖቹንስ እንዴት ብንከፋፍላቸው ይሻላል? እኔስ መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ጎትላንድ የስዊድን ትልቁ ደሴት ነው፤ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ እህትዎ እንዳሉት ቀኑን ሙሉ ቢነዱ ዞሮ መመለስ ይቻላል። ይሁን እንጂ ከደሴ ተነሥቶ፣ ሐይቅ ደርሶ፣ ውሃውን በመኪና መስኮት አይቶ የተመለሰ ሰው እስጢፋኖስን አየሁ ሊል አይችልም። የእኔ ምክር ቪስቢ ከተማ ላይ አንድ ማረፊያ ይዛችሁ፣ ደቡቡን ትታችሁ ሰሜኑን በእርጋታ እንድታዩ ነው።

ወሩን በተመለከተ፣ በእኛ ዘንድ ጉም ጦሳን የሚሸፍንበት ክረምት በእነርሱ የፀሐይ ወቅት መሆኑን ያስታውሱ። በሰኔ አጋማሽ ቀኑ 18 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ ነገር ግን ያኔ የሚከበረው የበጋ አጋማሽ በዓል፣ እንዲሁም በነሐሴ መጀመሪያ ግድም ቪስቢ ላይ የሚካሄደው የመካከለኛው ዘመን ሳምንት መርከቡንም ማረፊያውንም ያጣብባሉ። የስዊድን ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ፣ ማለትም ከነሐሴ 17 ወዲህ ብትሄዱ ግን ግርግሩ ይቀንሳል፤ ባሕሩም ከሰኔው ይልቅ ይሞቃል፤ የፍልሰታን ጾም የሚጾሙ ከሆነም ፈትተው ይጓዛሉ፤ ለመስከረሙ ትምህርትም በጊዜ ይመለሳሉ። ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት እንዲራዘም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ስለወሰነ፣ ማመልከቻዎን ለሰኔ አያቆዩት፤ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳል።

ከስቶክሆልም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ከኒኔስሃምን ወደብ መኪና በሚጭነው መርከብ ትሳፈራላችሁ፤ ቪስቢ ለመድረስ ከሦስት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመኪናውም ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን መኪናውን ከቅጥሩ ውጭ አቁማችሁ በእግር ተዘዋወሩ። የቪስቢ ግንብ 3.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የሐረርን ጀጎል ያየ ሰው መጠኑን በቀላሉ ይገምተዋል። ከተማዋ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ሙሉ በሙሉ ለፎሮ ስጡ። ፎሮ በሰሜን ጫፍ ያለች ትንሽ ደሴት ስትሆን፣ ከቪስቢ አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ፎሮሱንድ ስትደርሱ ያለ ክፍያ የሚያሻግር መርከብ ታገኛላችሁ፤ መሻገሩም አሥር ደቂቃ አይሞላም። ላንግሃማርስ በተባለው የባሕር ዳርቻ ማዕበል ለብዙ ሺህ ዓመታት የጠረባቸው፣ ስዊድናውያን ራውክ የሚሏቸው የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። ብዙ ጎብኚ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል፤ እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በቅርብ ይመልከቱት። የማር እንጀራ የመሰሉ ቀዳዳዎችና የአበባ ቅርጽ ያላቸው ክቦች ያያሉ፤ እነዚህ ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖሩ፣ ኮራል የሚባሉ ድንጋይ መሰል ቤት የሚሠሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ቅሪት ናቸው። ኮራሎቹ ያደጉት ይህ ምድር በዚያ ዘመን ከምድር ወገብ አጠገብ፣ በሞቃት ጥልቀት የለሽ ባሕር ሥር ስለነበረ ነው። ለተማሪዎችዎ ይዘውት የሚመለሱት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ድንጋዩን ማንሣት ግን የተከለከለ ስለሆነ ፎቶግራፉን ብቻ ይያዙ። በማግስቱ ወደዚያው ተመለሱና ምሳችሁን ይዛችሁ ሌላውን ዳርቻ በእግር ሂዱ፤ ነፋሱ በፀሐይም ቢሆን ስለሚበርድ ሹራብ አይርሱ።

መንዳቱን በተመለከተ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ በጉም የወጣ ሰው ጎትላንድ ላይ የሚፈራው ዳገት የለም፤ የደሴቱ ከፍተኛ ቦታ 100 ሜትር እንኳ አይደርስም። በእንግሊዝኛ የተጻፈና ፎቶግራፍ ያለበት መንጃ ፈቃድ ለጎብኚ ያገለግላል፤ የእህትዎ የመኪና ኢንሹራንስ ሌላ አሽከርካሪን ይሸፍን እንደሆነ ግን ከመነሣታችሁ በፊት ይጠየቅ። መብራት ቀንም ይበራል፤ ፎሮ ላይ ደግሞ በጎች መንገድ ዳር ስለሚግጡ ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል።

የመመለሻውን መርከብ ለአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያዙት። ጠዋቱን ከቪስቢ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ወዳለው ወደ ሩማ ገዳም ፍርስራሽ ብትሄዱ፣ በ1164 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን፣ ጣሪያው ፈርሶ ቅስቶቹ ብቻ የቀሩትን ቤተ ክርስቲያን ሳትጣደፉ አይታችሁ ወደቡ ላይ በሰዓቱ ትደርሳላችሁ።