«ጠላት»፣ «ባላንጣ»፣ «ተቀናቃኝ» ወይስ «ተፎካካሪ»?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከታናሽ ወንድሜና ከጓደኞቹ ጋር ሆነን የፖኬሞን ጨዋታዎችን ታሪክ በአማርኛ እየተረክን በቪዲዮ እናዘጋጃለን። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ከመነሻው መንደር ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ድረስ በየመንገዱ ብቅ እያለ የሚገጥመን አንድ ልጅ አለ። ልጆቹ በወሬ መካከል ‹ራይቫሉ መጣ› ይላሉ። ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ግን አንዱ ‹ጠላት›፣ ሌላው ‹ባላንጣ›፣ እኔ ደግሞ ‹ተፎካካሪ› እያልን እንከራከራለን፤ አንድ መምህር ‹ተቀናቃኝ› በሉት አሉን። የትኛው ነው ልክ? ደግሞስ ይህ ልጅ ተጫዋቹን ሲያነጋግር ‹አንተ› ይበል ወይስ ‹አንቺ›? የምትጫወተው ሴት ልትሆን ትችላለችና።»

መልስ፦ ከአራቱ ቃላት አንዱን ብቻ ልክ፣ የቀሩትን ስሕተት አድርጎ መፍረድ አይቻልም፤ እያንዳንዱ በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ነገር በየራሱ መንገድ ይናገራልና። ይሁንና ጠያቂው ቁርጥ ያለ መልስ ስለሚፈልጉ የእኔን ምርጫ አስቀድሜ ልናገር። ለዚህ ዓይነቱ ገጸ ባሕርይ በጥቅሉ መጠሪያ ይሆን ዘንድ የምመርጠው መምህሩ ያሏችሁን «ተቀናቃኝ» ነው። እርስዎ የመረጡት «ተፎካካሪ» ለአንዳንዶቹ እጅግ ይስማማል፤ «ባላንጣ» ለጥቂቶቹ ብቻ ይሆናል፤ «ጠላት» ግን ለአንዳቸውም አይሆንም። «ራይቫል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልም ቢሆን ከልጆቹ አፍ ለማስጣል መድከም አያስፈልግም። ቃሉ «ራይቫሉ»፣ «ራይቫሌ» እየተባለ የአማርኛ ቅጥያ ተቀብሎ በጨዋታ ቤት ወሬ ውስጥ ተደላድሏል፤ ለተጻፈ ትረካ ግን የራሳችን ቃላት ከበቂ በላይ ናቸው።

መጠሪያው ይህን ያህል ማነጋገሩ አይገርምም። ፖኬሞን የሚባሉ ፍጡራን እየተሰበሰቡ እርስ በርስ በሚጋጠሙባቸው በእነዚህ ጨዋታዎች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ በወጡት የመጀመሪያዎቹ፣ ማለትም በቀዩና በአረንጓዴው፣ ለዚህ ልጅ ስም የሚያወጣለት ተጫዋቹ ራሱ ነው። በኋላ ብሉ በሚል ስም የታወቀው ይህ ልጅ፣ ለተጫዋቹ የመጀመሪያውን ፖኬሞን የሚሰጡት የፕሮፌሰር ኦክ የልጅ ልጅ፣ በአንዱ ተጫዋች ዘንድ የጎረቤት ልጅ ስም፣ በሌላው ዘንድ የክፍል ጓደኛ ስም ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ታሪኩን ለብዙ አድማጭ የሚተርክ ሰው ከተጸውኦ ስም ይልቅ የወል ስም ያስፈልገዋል፤ ያ የወል ስምም ከትረካው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የልጁን ጠባይ ተሸክሞ ይዘልቃል።

«ጠላት» የሚለው ቃል «ጠላ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ዋና ፍሬው ጥላቻ ነው። ጥላቻ ደግሞ የሁለት ወገን ስምምነት አይጠይቅም፤ ሰው ጭራሽ የማያውቀው ጠላት ሊኖረው ይችላል። የኦክ የልጅ ልጅ ተጫዋቹን ማሸነፍ ይፈልጋል እንጂ ሊጎዳው አይፈልግም፤ ሲሸነፍም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ገንዘቡን ከፍሎ፣ አንድ ሁለት ቃል ወርውሮ መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ሌላ ችግር አለ። ፖኬሞኖችን እየሰረቀ የሚነግደው ቲም ሮኬት የተባለው የወንበዴ ቡድን በዚያው ጨዋታ ውስጥ ስላለ፣ ለጎረቤቱ ልጅ «ጠላት» የሚለውን ቃል ያባከነ ተራኪ ለወንበዴዎቹ የሚሰጠው ስም ያጥረዋል።

«ባላንጣ» ከ«ጠላት» ለዘብ ይላል፤ ቢሆንም ቂም ይሸታል። ሁለት ነጋዴዎች ወይም ሁለት ቤተሰቦች ባላንጣዎች ናቸው ሲባል የሰማ ሰው የቆየ ቁርሾ እንዳለ ይገምታል። ይህ ስም በትክክል የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጡት በወርቁና በብሩ ጨዋታዎች ውስጥ ላለው ቀይ ጸጉር ልጅ ነው። መጀመሪያ የምናየው ከፕሮፌሰር ኤልም ቤተ ሙከራ ውጭ ቆሞ በመስኮት ወደ ውስጥ ሲያጮልቅ ነው፤ ተጫዋቹ ጠጋ ብሎ ሊያናግረው ቢሞክር ገፍትሮ ያባርረዋል። ብዙም ሳይቆይ ከቤተ ሙከራው አንድ ፖኬሞን ሰርቆ ይጠፋል፤ ፖሊስ መጥቶ የሌባውን ስም ሲጠይቅ ስሙን የሚናገረው፣ ማለትም የሚያወጣለት፣ ተጫዋቹ ነው። ደካማ የሚለውን ሁሉ የሚንቅ፣ የሚገፈትር፣ የሚሰርቅ ልጅ ባላንጣ ቢባል ቃሉ ያለ ቦታው አልገባም። ነገር ግን ልጁ እንደዚያው ሆኖ አይቀርም። በታሪኩ መገባደጃ ጎልባት የተባለው የሌሊት ወፍ መሰል ፖኬሞኑ ክሮባት ወደተባለ ሌላ ፖኬሞን ተለውጦ ይገኛል፤ ይህ ለውጥ ደግሞ የሚመጣው ፍጡሩ ባለቤቱን ከልቡ ሲወድ ብቻ ነው። ጨዋታው ልጁ መለወጡን በቃል ብቻ ሳይሆን በያዘው ፖኬሞን ጭምር ይናገራል ማለት ነው። ጎበዝ ተራኪ እስከዚያ ድረስ «ባላንጣው» ሲለው ቆይቶ ከዚያ ወዲያ «ተቀናቃኙ» ቢለው፣ አድማጩ ለውጡን ሳይነገረው ይሰማዋል።

የ«ባላንጣ» ጎረቤት የሆነው «ባላጋራ» ዛሬ በአብዛኛው በመንፈሳዊ ንግግር ውስጥ ስለሚሰማ ወጣቶች ሰይጣንን ብቻ የሚያመለክት ይመስላቸዋል። ቀድሞ ግን የሙግት ቃል ነበር፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ውስጥ ለዳኛ ሳይሰጥህ ገና አብረኸው በመንገድ ሳለህ ተስማማው የተባለለት ሰው ባላጋራ ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ በተቃራኒ ወገን ቆሞ የሚሟገት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጡት በጥቁሩና በነጩ ጨዋታዎች ውስጥ ኤን የተባለው ወጣት ፖኬሞኖች ከሰው አገዛዝ ነጻ መውጣት አለባቸው ብሎ ያምናል፤ ከተጫዋቹም ጋር በየከተማው እየተገናኘ የሚጋጠመው ስለዚሁ ሐሳብ ነው። በፍጻሜውም አንደኛው ወገን የእውነትን ዘንዶ፣ ሌላው የምኞትን ዘንዶ ይዞ ይቆማል። ለእርሱ «ተፎካካሪ» ማለት ነገሩን ያሳንሰዋል፣ «ጠላት» ማለትም ይበድለዋል፤ «ባላጋራ» ግን ልክ እንደ እርሱ ላለው የተሠራ ይመስላል። ቃሉ ሰይጣንን እንዳያስታውስ የሚሰጉ ከሆነ «ተሟጋች» ይበሉት።

አሁን ወደ እርስዎ ምርጫ ልምጣ። «ተፎካካሪ» ከ«ፎከረ» የመጣ ሲሆን፣ ግሡ «ተፎካከረ» ሲሆን አንዱ በሌላው ላይ እየፎከረ እርስ በርስ መበላለጥን ያመለክታል። እንዲህ ያለው የመደራረብ ቅርጽ ሁልጊዜ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚፎክር ሰው ፎካሪ ይባላል እንጂ ተፎካካሪ አይባልም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥትና በመገናኛ ብዙኃን ቋንቋ «ተቃዋሚ ፓርቲ» በሚለው ፋንታ «ተፎካካሪ ፓርቲ» ማለት ከተለመደ ጀምሮ ቃሉ ጨዋነት ተጨምሮበት፣ ፉከራው እየደበዘዘ መጥቷል። ለኦክ የልጅ ልጅ ግን የቀድሞው ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። በአያቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሦስት ፖኬሞኖች ቀርበው ምረጡ ሲባሉ ልጁ ተጫዋቹን ያስቀድማል። ተጫዋቹ የእሳቱን ካነሣ እርሱ የውሃውን፣ የውሃውን ካነሣ የሣሩን፣ የሣሩን ካነሣ የእሳቱን ይወስዳል፤ ማስቀደሙ ለትሕትና ሳይሆን የሚያሸንፈውን ለይቶ ለመያዝ ነው። ከዚያ በኋላ በተገናኙ ቁጥር ከግጥሚያው በፊት ይጎርራል፣ ሲሸነፍ ምክንያት ይደረድራል፣ ትቶ ሲሄድም ይጎርራል። ዘራፍ ማለት ብቻ ነው የቀረው። ለዚህ ልጅ «ተፎካካሪ» ቢሉት የሚቃወምዎ አይኖርም።

ታዲያ በጥቅሉ ስለ ምን «ተቀናቃኝ»ን መረጥሁ? ብዙ ሰው ይህ ቃል ከ«ቅናት» የመጣ ይመስለዋል፤ ቅርጹ ግን ይህን አይደግፍም። ከ«ቀና» የሚገኘው «ቀናተኛ» ሲሆን «ተቀናቃኝ» በቀ፣ በነ፣ በቀ እና በነ አራት ተነባቢዎች የተዋቀረ ነው፤ በመጨረሻው ያለው «ኝ»ም «ለመነ» «ለማኝ» እንደሚሆነው ሁሉ ከ«ነ» የተለወጠ ነው። ስለዚህ ምቀኝነትን የግድ አያስከትልም። የሚያስከትለው መደጋገምን ነው። እዚያው ሐዋሳ ያለውን ኳስ ይመልከቱ፦ ሐዋሳ ከተማ በሊጉ በአንድ ዕለት የሚገጥመው ቡድን ማንም ይሁን ማን «ተጋጣሚ» ይባላል፤ ዳኛው የ90 ደቂቃውን ማብቂያ ሲነፋ ተጋጣሚነቱ ያበቃል። ሲዳማ ቡና ግን ጨዋታ በሌለበት ሳምንትም ተቀናቃኝ ነው። በጨዋታውም እንዲሁ በጫካው ውስጥ አንድ ጊዜ አግኝተነው የምናልፈው ነፍሳት ሰብሳቢ ልጅ ተጋጣሚ ነው፤ በቤተ ሙከራው፣ በከተማው ድልድይ መዳረሻ፣ በመርከቡ ላይ፣ በመቃብሩ ግንብ ውስጥ፣ በኋላም በሻምፒዮኑ ወንበር ላይ ቀድሞን ተቀምጦ የምናገኘው ግን ተቀናቃኝ ነው። እንግዲህ «በየጊዜው ብቅ የሚል ተቀናቃኝ» ብሎ ማስረዘም አያስፈልግም፤ መደጋገሙ በቃሉ ውስጥ አለ።

በቅርብ ዓመታት የወጡት ጨዋታዎች ነገሩን ያወሳስቡታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጨዋታ ያለው ሃው፣ በ2019ኙ ያለው ሆፕ እና በ2022ቱ ያለችው ኔሞና የተባሉት ተቀናቃኞች ሦስቱም የሚመርጡት በተጫዋቹ ፖኬሞን የሚሸነፈውን ነው፤ ይህ ከኦክ የልጅ ልጅ ምርጫ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ሆፕ ቤቱ ከተጫዋቹ ቤት አጠገብ ስለሆነ «አብሮ አደግ» የሚለው ቃል ከ«ተቀናቃኝ» ጋር ሲጣመር ያምርበታል። ኔሞና ግን ገና ስንተዋወቅ የሻምፒዮንነት ማዕረግ ያላት ናት፤ የምትሻማን ዘውድ የለም፣ የምትፈልገው የሚመጥናትን ሰው ብቻ ነው። ለእርሷ «አቻ ፈላጊ» ከማለት የተሻለ አላገኘሁም፤ ተጫዋቹ ካሸነፋት በኋላም «አቻዋ» ይባላል። በነገራችን ላይ እነዚህን የሚሰበሰቡ ፍጡራን «ጭራቅ» ብሎ መተርጎም ከጀመራችሁ ተዉት፤ ጭራቅ በተረታችን ሰው የሚበላ ነው፣ ማንም እናት ልጇን ጭራቅ ሰብስብ ብላ አትልክም። «ፍጡር» ወይም እንዲሁ «ፖኬሞን» ይበቃል።

ሴት ተቀናቃኝ ስትመጣ ከሰዋስው የሚነሣ አንድ አሻሚነት አለ። «ተቀናቃኟ አሸነፈች» ሲባል አሸናፊዋ ራሷ ተቀናቃኝ የሆነችው ልጅ ናት ወይስ የሌላ ልጅ ተቀናቃኝ የሆነች? ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክተው ቅጥያና የባለቤትነት ቅጥያው አንድ መልክ ስላላቸው ሁለቱንም ያሰማል። ትረካው ውስጥ ሁለት ሴቶች ባሉበት ስፍራ ለመጀመሪያው «ተቀናቃኚቱ»፣ ለሁለተኛው «የእርሷ ተቀናቃኝ» ብትሉ ግራ መጋባቱ ይቀራል።

ስለ «አንተ»ና «አንቺ» ለጠየቁት፣ ተጫዋች ሴት ገጸ ባሕርይ እንድትመርጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው ከክሪስታል ጨዋታ ጀምሮ ነው። እናንተ የምትሠሩት ቪዲዮ ስለሆነ የሚታየውን ገጸ ባሕርይ ጾታ ተከተሉ፤ ወንድ ከሆነ «ደግሞ መጣህ?»፣ ሴት ከሆነች «ደግሞ መጣሽ?» ማለት ነው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ድምፅ ብቻ መቅዳት ካስፈለገ ግን «እርስዎ» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ጉረኛ ልጅ እኩያውን «እርስዎ» ሲል የሚሰማ አድማጭ ቀልድ ይመስለዋል። አማርኛ ሌላ መውጫ አለው፤ «እኛ» ጾታ አይለይም። «ደግሞ ተገናኘን! እስቲ እንጋጠም» ብትሉ ወንድም ሴትም ይቀበለዋል። «ማን ከማን ያንሳል!» እና «የእኔን ቡድን የሚችል የለም» ደግሞ ፉከራውን እንደያዙ ጾታውን ያልፉታል።

ያው ልጅ አያቱን ሲያነጋግር ግን «አንተ» አታስብሉት። በመጀመሪያው ጨዋታ ፍጻሜ ልጁ የሻምፒዮንነቱን ወንበር ሲያጣ አያቱ ገብተው፣ የተሸነፈው ለፖኬሞኖቹ ሊሰጥ የሚገባውን እምነትና ፍቅር ስለረሳ እንደሆነ ይገሥጹታል፤ እርሱም ቃል አይመልስም። አያቱን በ«አንቱ» ወይም በ«እርስዎ» የሚያከብር ልጅ በተግሣጹ ፊት ዝም ማለቱ ለአማርኛ ሰሚ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ «አንተ» ሲል የኖረ ከሆነ ግን ዝምታው ኩርፊያ ይመስላል።