የሞተው አምባዛ ለልጄ ምትክ ሆኖ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። የዛሬ አራት ዓመት ልጄ ዓሣ አስጋሪዎች ከመረባቸው ያራገፉትን ጣት የምታህል አምባዛ ከሐይቁ ዳር በተቆረጠ ሃይላንድ ይዞ መጣ። አይቆይም ብለን ነበር፤ በጓሮው በርሜል ውስጥ ግን አደገ። ውኃ ጠፍቶ በርሜሉ ሊነጥፍ ሲል እንኳ አልሞተም። አንድ ሌሊትም ዘሎ ወጥቶ ጠዋት ሣር ውስጥ አገኘነውና ብንመልሰው ዋኘ። ልጄ «አይበገሬ» ብሎ ሰየመው። በዚህ ኅዳር ልጄ በወባ ታሞ ሲያንቀጠቅጠው ሰነበተ። መድኃኒቱን ጨርሶ ከተነሣ በኋላ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ለበዓሉ ቤቱንና ጓሮውን ሳጸዳ በርሜሉን በበረኪና አጥቤ ዓሣውን በአዲስ ውኃ መለስሁት፤ በሚካኤል ዕለት ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ጎረቤቶቼ በቡና ላይ «እሰይ፣ በእሱ ይለፍ! ለልጁ የመጣውን ወሰደለት» አሉ። እናቴም «ከእንግዲህ እንስሳ ከዚህ ቤት አይታጣ» ትላለች። ልጄ ግን «በእኔ ምክንያት ሞተ» እያለ ሌሊት ያለቅሳል። ጓሮ ቀብሮት ከእንጨት የሠራውን መስቀል ተክሎበታል። ዓሣው በእርግጥ ለልጄ ምትክ ሆኖ ነው? መስቀሉንስ እንንቀለው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ልጅዎን ስለማረልዎ እግዚአብሔርን አብሬዎ አመሰግናለሁ። ፍትሐት ለእንስሳ እንደማይደረግ ያውቃሉና ስለ እርሱ አልናገርም። የእንስሳ ነፍስ ደመ ነፍስ፣ ማለትም ከደሟ ጋር የምትጠፋ እንደሆነች፣ የሰው ነፍስ ግን ነባቢት፣ ለባዊትና ሕያዊት፣ ማለትም የምትናገር፣ የምታስብና የማትሞት እንደሆነች በሰንበት ትምህርት ቤትም ሳይማሩት አልቀሩም። እኔን ያስጨነቀኝ በጎረቤቶችዎ አፍ ላይ ያለው ቃል ነው፤ ይህን ቃል በማስተምርባቸው ዓመታት በከተማም በገጠርም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና።

«በእሱ ይለፍ» የሚለው ንግግር ከደግ ልብ የሚወጣ ነው። ብርጭቆ ሲሰበር «በዕቃ ይለፍ» እንላለን፤ በሬ ሲሞት ሐዘንተኛውን «በከብት ይለፍልህ» ብለን እናጽናናዋለን። በዚህ መልኩ ሲነገር ትርጉሙ «ሰው ከሚጎዳ ንብረት ይጎዳ፤ እናንተ ግን ደኅና ሁኑ» ማለት ነውና ምርቃት ነው፤ ማንንም አልገሥጽበትም። ችግሩ የሚመጣው ምርቃቱ ሒሳብ ሲሆን ነው። በሰማይ አንድ ሞት ለቤቱ እንደታዘዘ፣ ያም ሞት አንድ ነፍስ ሳይቀበል እንደማይመለስ፣ ዓሣው ወይም ዶሮዋ ቀድማ ከተሰጠች ልጁ እንደሚተርፍ አድርገን ስናስብ፣ የቸርነት አባት የሆነውን እግዚአብሔርን ዕዳውን ከማንም ቢሆን ሳይሰበስብ የማይሄድ ግብር አስገባሪ አደረግነው ማለት ነው። እናትዎ «እንስሳ ከቤቱ አይታጣ» ያሉትም፣ በክብር እናገራለሁ፣ የዚሁ ሐሳብ ቀጣይ ነው። ዶሮ በበሽተኛ ራስ ላይ አዙሮ ጭዳ ማድረግ በቤተ ክርስቲያን የተከለከለ መሆኑን እናትዎ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሊመጣ ላለው መዓት መቀበያ እንዲሆን ታስቦ በበርሜል የሚቀመጥ ዓሣ ጊዜው እስኪደርስ የሚጠበቅ ጭዳ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? ይህን ፈጽሞ አታድርጉት። ዓሣ ማሳደግ ከፈለጋችሁ ስለወደዳችሁት አሳድጉት።

እኛ በጣና ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጣና ቂርቆስ ገዳም፣ ታቦተ ጽዮን በደሴቲቱ በነበረችበት ዘመን የመሥዋዕተ ኦሪት ደም ይደረግባቸው ነበር እየተባሉ በትውፊት የሚታዩ፣ አናታቸው የተቦረቦረ ድንጋዮች አሉ። ዛሬ ማንም ደም አያፈስባቸውም፤ በዚያው ደሴት የሚፈተተው የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው። ሐዋርያው «የኮርማዎችና የፍየሎች ደም ኃጢአትን ሊያስወግድ አይችልምና» ያለው (ዕብ. 10፥4) እግዚአብሔር ራሱ ስላዘዘው መሥዋዕት ነው። በካህን እጅ፣ በሕግ የቀረበ የእንስሳ ደም እንኳ ማድረግ ያልቻለውን፣ ማንም ሳያቀርበው በበርሜል ውስጥ የሞተ አምባዛ እንዴት አድርጎ ያደርገዋል? ቤዛችን አንድ ነው፤ እርሱም ስለ ልጅዎ የሞተው አስቀድሞ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ፤ «ለይስሐቅ በግ ተተክቶለት የለምን?» ይሉኛል። አዎን፣ ተተክቶለታል። ነገር ግን አብርሃም «ልጄ ይተርፍ ዘንድ» ብሎ በግ ይዞ አልወጣም፤ በጉን ያዘጋጀው እግዚአብሔር ነው። አባቶቻችንም በዕፀ ሳቤቅ፣ ማለትም በቁጥቋጦው የተያዘውን በግ የክርስቶስ ምሳሌ ነው ብለው ተረጐሙት እንጂ ከዚያ በኋላ የሞተ በግ ሁሉ የአንድ ሰው ምትክ ነው አላሉም። ምሳሌው አማናዊው፣ ማለትም እውነተኛው ቤዛ ክርስቶስ እስኪመጣ ነበር፤ መጥቷልም።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የእርሱ ነገር ነውና። ትልልቆቹ በቡና ላይ ተናግረው ተነሡ፤ የተናገሩትን ተሸክሞ የሚያድረው ግን ልጁ ነው። «ወሰደለት» የሚለውን ቃል ሕፃን ሲሰማው «እኔ ባልታመም ኖሮ አይሞትም ነበር» ብሎ ይተረጕመዋል። ከሞት የተረፈ ልጅ በመትረፉ እንዲያፍር አደረግነው። ክርስቶስ ስለ እኛ መሞቱን ስንሰማ ደስታና ምስጋና የሚሞላን፣ ወድዶና ፈቅዶ ስለሞተ፣ ሞቶም ስለተነሣ ነው። ያ ዓሣ ግን ፈቃድም ዕውቀትም አልነበረውም፤ ለማንም ብሎ አልሞተም። የልጁን ልብ የሚያሳርፈው ይህን እውነት መስማት ነው።

በጻፉልኝ ውስጥ «በርሜሉን በበረኪና አጥቤ» በሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። እኅቴ፣ አምባዛ ከሌላው ዓሣ ይልቅ የሚበረታው በውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ሌላ አየር የሚስብበት ክፍል ስላለው ነው፤ ስለዚህ ውኃ ሲጐድል ብቅ እያለ አየር ይስባል፣ በእርጥብ ሣር ላይም ሰዓታትን ይቆያል። በረኪና ግን የሚተነፍስበትን ስስ አካልና ቅርፊት የሌለውን ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ጥንካሬው እዚያ ላይ አይረዳውም። በጥሩ ካልተለቀለቀ በርሜል ውስጥ የገባ ዓሣ በማግሥቱ ቢሞት፣ የሚካኤል ዕለት በመሆኑ ምሥጢር ልንፈልግለት አይገባም። ቅዱስ ሚካኤል የሚያድን መልአክ ነው፤ ዓሣ በመግደል ውለታ የሚከፍል አይደለም።

ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም። ልጅ ታሞብዎት ሌሊቱን ሲያስታምሙ የከረሙ እናት ነዎት፤ ያጸዱትም ቤትዎ ከበሽታ እንዲርቅ ብለው ነው። በኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉም እኮ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ ያስተማረን የጽዳት ልማድ ነው። ነገር ግን «በእሱ ይለፍ» የሚለው ቃል ሳናውቀው ሌላም ሥራ ይሠራል፤ የራሳችንን ስሕተት በሰማይ ላይ ይለጥፋል። በእኛ እጅ የሆነውን «የታዘዘ ነው» ስንል ንስሓም ትምህርትም አይኖረንም። ስለዚህ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው «ዓሣህን የገደለው የአንተ ሕመም አይደለም፤ እኔ በርሜሉን ያጠብሁበት በረኪና ነው፤ አላወቅሁም ነበር፤ ይቅር በለኝ» ይበሉት። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ክብርዎን አይቀንስም። የዳነበትንም ምክንያት በስሙ ይንገሩት፤ እግዚአብሔር ማረው፣ ሐኪሙ መረመረው፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጨረሰ። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ተጽፏልና ይህን መናገር እምነት መጉደል አይደለም።

ልጁ ለዓሣ ማልቀሱን ግን አይከልክሉት፤ «ለዓሣ ይለቀሳል ወይ» የሚለውም ካለ ዝም ያሰኙልኝ። ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው ከድሃው እንጀራ ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱም ትተኛ በነበረች በአንዲት ጠቦት ምሳሌ ነው (2ኛ ሳሙ. 12)። ንጉሡም በታሪኩ ተቈጣ እንጂ «ለበግ ይህ ሁሉ?» አላለም። ጌታችንም ከድንቢጦች አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደማትረሳ ተናግሯል። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በርሜሉ ላይ ጐንበስ ይል የነበረ ልጅ ርኅራኄን እየተማረ ነበር። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በቤት መኖሩ ርኩሰት አመጣ የሚልም አይጠፋም፤ ኦሪት ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የከለከለችው ለመብል ነው፣ ልጁም አልበላውም። በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የወጡትን ፍጥረታት ፈጣሪያቸው እንደባረካቸው ማስታወስ ይበቃል።

መስቀሉን በተመለከተ፣ በልጁ ፊት አትንቀሉት፤ እርሱ ሳያይ አንሥታችሁም አትጣሉት። በክርስቲያን መቃብር ላይ መስቀል የምናቆመው ሟቹ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተቀብሮ ትንሣኤውን ስለሚጠብቅ ነው፤ አይበገሬ አልተጠመቀም፣ ፍርድም ትንሣኤም አይጠብቀውም፤ መዝሙረኛው እንዳለው ወደ አፈሩ ተመልሷል (መዝ. 103፥29)። ይህን በለሰለሰ ቃል ያስረዱትና መስቀሉን በገዛ እጁ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ ከመኝታው በላይ እንዲሰቅለው ያድርጉ። በመስቀሉ ፋንታ ድንጋይ ወይም አበባ ሊያኖር ቢወድ ይተዉት።

እናትዎን በእኔ ስም ሰላም ይበሉልኝ። ልጁ አንድ ቀን እንደገና ከሐይቁ ዳር ሃይላንድ ይዞ ከመጣም አትከልክሉት፤ በርሜሉን በውኃ ብቻ ፈትጉት፣ የቧንቧውንም ውኃ አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን አሳድራችሁ ክሎሪኑ ከወጣለት በኋላ ጨምሩበት።