ከዓይን ሥር የሚወጋ ፊለር ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ባንክ ቤት። ዓይኔ ሥር ጎድጉዶ ጠቁሯል። በደንብ ተኝቼ ባድርም ሰው ሁሉ «አሞሻል እንዴ?» ይለኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ፊለር፣ ማለትም ጎድጓዳውን የሚሞላ መርፌ፣ ልወጋ አስቤያለሁ። እናቴ «ፈጣሪ የሠራውን ልታርሚ ነው?» ብላ ተቆጣች። ኃጢአት ነው? ከቁርባንስ ይከለክለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሳትወጊ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

ስለ ፊለር በስሙ የሚናገር የመጽሐፍ ቃል የለም፤ ስለዚህ በአንድ ቃል «ኃጢአት ነው» ብዬ አልዘጋብሽም። እናትሽም ቢሆኑ መነጽር ስታደርጊ ወይም ጥርስሽን ስትታከሚ አይቆጡሽም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። እሳቸው የፈሩት ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ልጄ በሰው አፍ ምክንያት ራሷን ልትጠላ ነው ብለው ነው። እኔም የምፈራው እሱን ነው።

ወሎ ደግሞ በቁንጅና ስትዘፈን የኖረች አገር ናት። እዚህ ለተወለደች ልጅ ቆንጆ መሆን እንደ ግዴታ ይቆጠርባታል፣ ትንሽ ከሳ ወይም ጠቆር ስትል ጎረቤቱም ዘመዱም ዝም አይላትም፣ ስልኳን ስትከፍት ደግሞ በፊልተር የለሰለሰ ፊት ይጠብቃታል። ይህ ከባድ ነው። ግን ልያን አስቢያት። ዘፍጥረት 29 ዓይኗ ልም (ደካማ) እንደነበረ፣ እኅቷ ራሔል ግን ውብ እንደነበረች ይነግረናል። ያዕቆብ ራሔልን መረጠ። እግዚአብሔር ግን ልያ እንደተጠላች አየ፤ ይሁዳን የወለደች እሷ ናት፣ ጌታችንም ከይሁዳ ነገድ ተወለደ። ልያ ዓይኗ እስኪያምር አልተጠበቀችም።

አሁን ስለ ነገሩ ራሱ። ከዓይን ሥር የሚወጋው ብዙ ጊዜ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ጄል ነው፤ በሰውነታችንም ያለ ነገር ነው። ጎድጓዳውን ይሞላል። ቆዳው ራሱ ጠቁሮ ከሆነ ግን አያነጣውም። ከጊዜ በኋላ ሰውነት ስለሚመጠው እንደገና መወጋት ይመጣል። ላይ ላዩን ከተወጋ ሰማያዊ ጥላ ያስቀራል፤ አልፎ አልፎ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ዓይን ያጠፋበት ጊዜም አለ። የሚያሟሟው መድኃኒት አለ፣ እሱም ቢሆን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የውበት ሳሎን ውስጥ አይታሰብም።

ከዚያ በፊት የደም ማነስ እንዳለብሽ ተመርመሪ። አለርጂም እንዲህ ያደርጋል፣ ከዘርም ይመጣል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን መንገድ በየቀኑ እየተመላለስሽ፣ በጾም ወራት ሳትበዪ ውለሽ፣ ማታ ያገኘሽውን ቀምሰሽ የምትተኚ ከሆነ አመጋገብሽን አስተካክዪ። ጾም ማለት መብላት እስኪያስጠላ ድረስ ራስን መጣል አይደለም።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ አሁን አትወጊ እላለሁ። በአደጋ ፊቷ የተጎዳች እኅት ብትጠይቀኝ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። አንቺን ግን የሚገፋሽ የሰው ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ዓይንሽን ያለ ሰው ነገ ከንፈርሽን ይላል።

ከቁርባን ይከለክላል ወይ ላልሽው፣ የሚወስነው የንስሐ አባትሽ ነው። ልብሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ንገሪያቸው፣ ቅናትም ካለ፣ ለዚህ ብለሽ የምትበደሪው ብር ካለም። ለመወጋት ከወሰንሽ ግን በቆረብሽበት ቀን አይሁን፤ መርፌ ደም ያፈስሳል። ንስሐ አባትሽ ዘንድ ስትሄጂ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ መልሱን አብራችሁ ስሙት።