መልስ፦ የኩዌሪ ጊዜን ከፓይተን ፕሮግራም መለካት

ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) የሚወስደውን ጊዜ በፓይተን «ታይም.ታይም» ሲለኩ አልፎ አልፎ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ለምን እንደሚያዩ ጠይቀዋል። በ«ታይም.ታይም» ፋንታ «ታይም.ፐርፍ_ካውንተር» ይጠቀሙ፤ አንዱን ንባብ ኩዌሪውን ከሚልከው «ኤክስኪዩት» በፊት፣ ሌላውን ውጤቱን ሁሉ ከሚያመጣው «ፌችኦል» በኋላ ወስደው ልዩነቱን ያስሉ። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያዩት «ታይም.ታይም» የኮምፒውተሩን ሰዓት ስለሚያነብ ነው፤ ያ ሰዓት በኢንተርኔት ሲስተካከል ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፣ «ታይም.ፐርፍ_ካውንተር» ግን ወደ ፊት ብቻ ይቆጥራል።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ባሕር ዳር ካለው የጀልባ ትኬት ቢሮዎ ሆኖ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ አዲስ አበባ ስላለ፣ የሚያገኙት ቁጥር መረጃው በኔትወርክ ተመላልሶ የሚደርስበትንም ጊዜ ይጨምራል። የዳታቤዙን ድርሻ ለመለየት ከኩዌሪው ፊት «ኤክስፕሌን አናላይዝ» የሚለውን የፖስትግሬስ ትዕዛዝ ጨምረው መጨረሻ ላይ «ኤክስኪዩሽን ታይም» የሚለውን ያንብቡ። እዚያ 4 ሚሊሰከንድ፣ በፕሮግራሙ ግን 90 ካሳየ፣ ጊዜውን የሚወስደው በአብዛኛው ኔትወርኩ ስለሆነ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ቶሎ እንዲፈልግ የሚረዳ ማውጫ) መጨመር ምንም አይፈይድልዎትም፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ለየብቻ የሚልኩትን ኩዌሪ ሰብስበው በአንድ ጊዜ ቢልኩ ይሻላል።

በሥራ ላይ ብዙ ሰው ሲዘነጋው የማየው አንድ ነገር አለ፦ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» ኩዌሪውን በእርግጥ ያስኬደዋል። መረጃ ከሚሰርዘው «ዲሊት» ፊት ካስገቡት ትኬቶቹ ይሰረዛሉ፤ ስለዚህ «ቢጊን» ብለው ጀምረው ውጤቱን ካነበቡ በኋላ ለውጡን በሚሽረው «ሮልባክ» ይመልሱት።