ደሴ ላይ ቪላ ለምትፈልጉ፦ ጥያቄና መልስ ከመሐንዲሱ ጋር

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሲያሠሩና ሲገምቱ የኖሩት ጋሼ ዛሬ ጥያቄያችሁን ይመልሳሉ።

የሆጤ ልጅ፦ ጋሼ፣ ደሴ ላይ ጥሩ ቪላ ስንት ይሸጣል?

ጋሼ፦ የት ሰፈር? ስንት ካሬ? መሬቱ በሊዝ ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት የተወሰደ ነው ወይስ ከሊዝ በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ? መኪና ግቢው ድረስ ይገባል? ይህን ሳትነግረኝ ዋጋ ብጠራልህ አሳስትሃለሁ።

ከጅዳ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። ወንድሜ ጦሳ ተራራ ሥር ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ጂ+1 አግኝቶልኛል። ሻጩ ቀብድ ቶሎ ይላል። ልላክ?

ጋሼ፦ ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። አትላኪ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሜዳው ሲያልቅ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ዳገቱ ወጣ። እይታው ያምራል፤ አፈሩ ግን ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ወንድምሽ ሳሎኑን ትቶ አፈሩን የያዘውን ድጋፍ ግንብ ይይ። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው? ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል? ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ አለ? አልዘጋ የሚል በር አለ? ግድግዳው ሰሞኑን ቀለም ከተቀባ ቁም ሳጥኑን ያስነሳና ከጀርባው ይይ፤ እዚያ ቀለም አይደርስም። ከሁሉም በላይ ቤቱ ነሐሴ ላይ ይታይ። ጥር ላይ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው።

የሸዋበር፦ ሜዳ ላይ ብገዛስ?

ጋሼ፦ ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረት ሳትጥል አስቆፍረህ አስመርምር። ነሐሴ ላይም እየው።

አዲስ ገቢ፦ እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ውስጥ የሚኖረው ማነው?

ጋሼ፦ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ዓረብ አገርና አሜሪካ ያሉ ልጆች ቤት የሠሩላቸው ወላጆች። ስንት ትልቅ ግቢ አለ፣ አንዲት እናትና ዘበኛ ብቻ የሚኖሩበት! ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ ሪያልና ዶላር የያዘው ገዢ አቅሙ ሰፍቷል። በብር ደሞዝ የሚኖረው አስተማሪ ሰርቪስ ቤት ተከራይ ሆኖ ቀርቷል። ያሳዝነኛል፤ እነዚህን ሰፈሮች ሲያስተምር የኖረው እሱ ነው። ሌላው ነገር፣ ባለቤቱ ውጭ ስለሆነ ሻጩ ውክልና ይዞ ይመጣል። ውክልናው መሸጥ ይፈቅዳል? የሚስት ወይም የባል ፊርማ አለ? ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። የደላላ ወረቀት አያድንም።

ኮምቦልቼው፦ ምን አደከማችሁ? ኮምቦልቻ ግዙ! ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ መሬቱ ሜዳ ነው።

የሆጤ ልጅ፦ ሙቀቱንስ? ባቡሩስ የታለ? ሐዲድ አይተን ቀረን።

ኮምቦልቼው፦ እናንተ ብርዳችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ! ሥራ ፍለጋ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ እኛ የምትወርዱት እናንተ ናችሁ።

ጋሼ፦ ይብቃ፣ ልጆች። ሁለቱም ከተሞች በ2014 ጦርነቱን አብረው አይተዋል፤ አትናቆሩ። ሥራው ያለበት አካባቢ ግዙ፣ አለቀ።

ተከራይ፦ አከራዬ የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቀኝ።

ጋሼ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ከተማችሁ ሥራ ላይ ማዋሉን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

የቧንቧ ውሃ፦ ዘግይቼ ነው። ቪላ ስንት ነው?

ጋሼ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

ከጅዳ፦ ጋሼ፣ ሻጩ እስከ ነሐሴ አልጠብቅም ቢልስ?

ጋሼ፦ ይሂድ፣ አብሽሪ። የግድ አሁን ከሆነ ግን ወንድምሽ ከቤቱ በታች ያለውን ጎረቤት አንኳኩቶ ባለፈው ክረምት ምን እንደሆነ ይጠይቅ። ውሃውም ጭቃውም መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጓሮ ነው።